ለሽያጭ ሁለትን ይጫኑ

«ሴትዮዋ እንኳን ችግር የላትም፤ በቁጥር አንድ እንተካታለን» አለ ባለ ላፕቶፑ።

የድርጅቱን ስልክ የምታነሳው እትዬ ይህን የሰማችው ጆሮዋን ጥላ አይደለም። ቢሮው በር ስለሌለው ነው። በርና መስኮት እየበየደ የሚሸጥ ድርጅት፣ ምድር ቤቱ ከዳር እስከ ዳር በር ተደርድሮ የቆመበት ድርጅት፣ ፎቅ ላይ ያለው የራሱ ቢሮ በር የለውም ቢሏት እሷም አታምንም ነበር፤ ግን የለውም። መቃኑ ባዶውን ቆሟል። በሩ ራሱ ከእትዬ ጠረጴዛ ጀርባ ግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይጠጣል። ሁለቱ ወንድሞቿ የተኳረፉት በዚህ በር ነው። ታላቅየው፣ ሠራተኛው «ብየዳ» የሚለው፣ ወደ ውጭ ይከፈት አለ። ታናሽየው፣ ከአንገቱ በማይለየው ነገር ስም ወጥቶለት «ከረባት» የሚባለው፣ ወደ ውስጥ ይከፈት አለ። ወደ ውጭ ከተከፈተ ደረጃ ወጥቶ የሚመጣውን ደንበኛ ግንባሩን ይለዋል፤ ወደ ውስጥ ከተከፈተ ደግሞ የእትዬን ጠረጴዛ እየመታ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ነገሩ ከረረ፤ ብየዳ አህያ አለ፣ ከረባት መዶሻ አነሳ፣ እትዬ መሃል ገብታ መዶሻውን ነጠቀችና መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት። መዶሻው እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ወንድማማቾቹም እስከ ዛሬ አልተነጋገሩም።

አልተነጋገሩም ማለት ግን ሥራ ቆመ ማለት አይደለም። ብየዳ ግማሹን ቀን ምድር ቤት ቢውልም፣ ክፍሎቻቸው እዚያው ፎቅ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ መሃላቸው ያለው ስስ ችፕውድ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» እንዳያመልጠው አፉን በእጁ ይይዛል። የሚነጋገሩት በእትዬ በኩል ነው። ብየዳ የስልኩን የላይኛውን ቁልፍ ተጭኖ ለእትዬ ይናገራል፤ እትዬ ለከረባት ትደውላለች፤ የከረባትን መልስ ይዛ እንደገና ለብየዳ። ድምፃቸውማ ቃሉ ሳይለይ በግድግዳው በኩል ይሰማል፤ ግን በስልክ ካልደረሰ እንዳልተባለ ነው የሚቆጠረው። ከስልኩም የደረሰው የወጣው አይደለም። እትዬ የመዶሻውን ቀን አይታ፣ ክፉ ቃል በእኔ በኩል አያልፍም ብላ ምላለች፤ እሷ ደግሞ ከማለች አለቀ። ስለዚህ ብየዳ ዛሬ ጠዋት «ለዛ አህያ ንገሪው፤ ሌሊቱን ሲያስል ያደረ ነው የሚመስለው፤ አንገቱን የሚያንቀውን ጨርቅ ፈትቶ ሐኪም ይይ!» ሲላት፣ እትዬ ጉሮሮዋን ጠርጋ ለከረባት «የምርት ክፍል ኃላፊው የሠራተኛ ጤንነት እንዲጠበቅ በአክብሮት ያሳስባሉ» አለችው። ከረባትም «ለዛ ዝገት ንገሪው፤ የራሱን ዓይን ያስመርምር፤ ያለ መነጽር እየበየደ ነው አሉ» አላት። እሷም ለብየዳ «የሽያጭ ክፍል የደኅንነት ደንብ እንዲከበር በትሕትና ይጠይቃል» ብላ አደረሰች። እንዲህ ያለውን አነጋገር የተማረችው ከባንክ ቤት ማስታወቂያ ነው፤ ሌላ ትምህርት እስከዚህም የላትም። ግን ሰላም አስከብራበታለች፤ ማን ምን ይላታል?

እንግዲህ አሁን ይሄ ባለ ላፕቶፕ በቁጥር አንድ ሊተካት መጣ። ደረጃው አናት ላይ ከከረባት ጋር ቆመው ነው የሚያወሩት። ሠራተኛው ሁሉ በየሞባይሉ የጫነው የሥራ አፕ አለ፤ የበሩን ሥዕል፣ የልኩን ፎቶ፣ «ብረት አልቋል» የሚለውን ሁሉ የሚላላኩበት። አሁን ደግሞ የድርጅቱ ስልክም በዚያው አፕ ውስጥ ይግባ ተባለ፤ ደንበኛ ሲደውል በማሽን ድምፅ «ለዚህ ይህን ይጫኑ» ተብሎ በቀጥታ ወደሚፈልገው ሰው ይሂድ። እትዬ እጇ ሳታውቀው ወንበሯን ያዘ፤ በገዛ መርፌዋ የሰፋችው ትራስ ያለበትን ወንበር። ቤቷ ሄዳ ምን ልትሆን ነው? ግድግዳ ልታይ? ወንበሩስ ይሁን። ሁለቱ ያለ እሷ አንድ ቃል ቢለዋወጡ፣ አንዲት ቃል፣ መዶሻ እንደሚነሳ ማን ለዚህ ሰው ይንገረው?

ባለ ላፕቶፑ ገባና «እማማ፣ ስብሰባው የት ነው?» አላት።

«እማማህን ቤትህ ፈልግ። እዚህ እትዬ ነው የምባለው።»

ስብሰባው እሷው ጠረጴዛ ላይ ሆነ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች አብረው የሚገቡበት ሌላ ክፍል የለም። ብየዳ የብየዳ ጓንቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በግራ ተቀመጠ፤ ከረባት በቀኝ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ እትዬ አዞሩ። ባለ ላፕቶፑ ማንን እያየ እንደሚያስረዳ ጨንቆት ዞሮ ዞሮ እሱም ወደ እሷ ዞረ። መንገዱ ሦስት ነው አለ። አንደኛው፣ ስልኩንም ቁጥሩንም ጠቅልሎ ለአፑ ባለቤቶች መስጠት ነው፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ቤት ይገዛል፤ ሽቦ የለ፣ የሚታይ ነገር የለ፣ ነገር ግን ቁጥሩ እስኪዛወር ይቆያል፣ ቢበላሽ ደግሞ የሚጮኸው ሩቅ አገር ላለ ሰው ነው። ሁለተኛው፣ እስከ ዛሬ ያለው የስልክ ድርጅት መስመሩን ከጀርባ ከአፑ ጋር ያገናኘዋል፤ ቁጥሩ ባለበት ይቆያል፣ እናንተ የምታዩት አፑን ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ የራሳችሁን ሳጥን ገዝታችሁ እዚህ ግድግዳ ላይ ትሰቅላላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለጋችሁትን መስመር ከፈለጋችሁት ጋር ሳጥኑ ያገናኛል፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ይፈልጋል። ክፍያው በሰው በወር ነው።

«ሳጥኑ ከምንድነው የተሠራው በይው» አለ ብየዳ ለእትዬ።

«እዚሁ ነው ያለሁት እኮ» አለ ባለ ላፕቶፑ።

«ከምንድነው የተሠራው?» አለች እትዬ።

«ከብረት።»

«ከብረት ነው» አለችው ለብየዳ።

«እንግዲያ ሦስተኛው ነው። የማይታይ ነገር አልገዛም። ሲበላሽ የምፈታው ነገር ይኑረው። ለዛ ለባለ ጨርቁ ንገሪው።»

ከረባት ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጦ ጣሪያ ያያል። እትዬ ዞር ብላ «የምርት ክፍል ኃላፊው በሦስተኛው አማራጭ ላይ ያላቸውን ክብር ይገልጻሉ» አለችው። ከረባት ራሱን ነቀነቀ። «ለዛ ዝገት ንገሪው፤ ብረት ሲያይ ልቡ የሚቆመው እሱ ነው፤ እኔ ሽቦ ሰልችቶኛል። አንደኛው ነው።» እትዬም ወደ ግራ ዞራ «የሽያጭ ክፍል በአንደኛው መንገድ ተስፋ ያደርጋል» አለች። ባለ ላፕቶፑ አፉን ከፍቶ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ሲያይ ቆየና በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «ይቅርታ... እነሱ እርስ በርስ ይሰማማሉ አይደል?» አላት። «ጆሯቸው ደኅና ነው» አለችው። «ሥራህን ቀጥል።» ቀጠለ፤ ግን ከዚያ በኋላ እሱም ሳያውቀው «ለእሳቸው ይንገሩልኝ» ማለት ጀመረ። እትዬም ለእሱ ትንሽ አዘነችለት፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ሳጥኑ ማን እንደሆነ ማንም አልነገረውም። በየግድግዳው መሃል ተቀምጦ የፈለገውን ከፈለገው የሚያገናኝ፣ ጠባቂ የሚፈልግ፤ ይኸው ትራስ ላይ ተቀምጣ የለም እንዴ?

«ሒሳቡ ስንት ሰው ብለህ ነው?» አለችው ሊነሱ ሲሉ።

ከእሷ በስተቀር ሁሉንም ቆጥሮ ነበር። ብየዳ ጓንቱን አገላበጠ፣ ከረባት ጫማውን አየ። ይሄ ዝምታ ከአህያም ከዝገትም ይልቅ ከበዳት።

አልተስማሙምና ባለ ላፕቶፑ እስከ ማታ በሙከራ እንየው አለ። በየሞባይላቸው አስተካከለው፣ የእትዬን ክሬም ቀለም ስልክ ከግድግዳው ነቀለና ገመዱን ጠቅልሎ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረው፤ የሞተ ነገር እንደሚገነዝ ሰው ጠንቀቅ ብሎ። አፑ ላይ ከየሰው ስም አጠገብ ነጥብ አለች፤ ሰውዬው ካለ አረንጓዴ፣ ሥራ ላይ ከሆነ ቀይ። እዚች ነጥብ ላይ ረፋዱ አለቀ። ብየዳ ከታች ሠራተኛ ልኮ «ያ ሰውዬ አረንጓዴ ሆኗል፤ ምን ፈልጎ ነው አረንጓዴ የሆነው?» ብሎ አስጠየቀ። ከረባት ይህን ሲሰማ ቀይ አደረገው። ብየዳም ለምን ይበለጣል፣ እሱም ቀይ ሆነ። ከዚያ ማን ቀድሞ አረንጓዴ ይሆናል በሚል ሁለቱም ቀይ እንዳሉ ተፋጠጡ፤ ደንበኛ ሲደውል ማሽኑ «ሁሉም ሠራተኞቻችን ሥራ ላይ ናቸው» እያለ ያሰናብታል። እትዬ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። የሚደውልላት የለም፤ አፑ ውስጥ ነጥብ የላትም።

በዚህ መሃል ነው አንድ ሽማግሌ የደወሉት። ድርጅቱ የሠራው በር ሁሉ ጠርዙ ላይ የስልክ ቁጥሩ ይመታበታል፤ ያባታቸው ወግ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። ሰውየው የመታጠቢያ ቤታቸው በር ተቀርቅሮባቸው ከውስጥ ቀርተዋል፤ ቁጥሩን ከበሩ ጠርዝ ላይ አንብበው ነው የደወሉት። ድምፃቸው በላፕቶፑ ማጉያ ክፍሉን ሞላው። «ሃሎ? ልጄ፣ በሩ እምቢ አለኝ።» ማሽኑ በባለ ላፕቶፑ በራሱ ድምፅ «ለአዲስ በር ሁለትን ይጫኑ» አላቸው። «አዲስ አልፈልግም፤ ከዚህኛው ልውጣ!» አሉ። «ምርጫዎ ትክክል አይደለም።» «እንዴት አይደለም? መጸዳጃ ቤት ልደር ማለት ነው?» «ወደ ዋናው ዝርዝር ለመመለስ...» ባለ ላፕቶፑ ላብ በላብ ሆኖ ቁልፍ ቢጫን ቢጫን ማሽኑ አላቆም አለው። እትዬ ብድግ ብላ ላፕቶፑን ወደ አፏ ጎተተች።

«አባባ፣ ማን ልበል?»

«ተመስገን፤ ሰው አለ!» አሉ ሽማግሌው። «እኔ ማን ልበል ሲሉኝ ነው ሰው መሆኔ ትዝ ያለኝ።»

ሠራተኛ በሞተር ብስክሌት ላከችላቸው፤ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ አወራቻቸው። መብራት እንዳለ ጠየቀች፣ አለ፤ የሚቀመጡበት እንዳለ ጠየቀች፣ «መቀመጫማ ዋናው ዕቃ እሱ አይደል» አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። ጎረቤታቸው ማን እንደሆነ፣ ልጃቸው ማንን እንዳገባ፣ በሩ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሁሉ ተወራ። ባለ ላፕቶፑ ጥጉ ላይ ቆሞ ጣቶቹን ይነክሳል። ሽማግሌው ሲወጡ ከጀርባ ጭብጨባ ተሰማ፤ መስመሩም ተዘጋ። ያን ጊዜ ነው ሰውዬው ተለማምጦ «እትዬ፣ የማሽኑን ድምፅ እርስዎ ቢቀዱልኝስ?» ያላት።

እምቢ ልትል ነበር። ገመዷን ጠቅልሎ ሲያበቃ ድምፅሽን ስጪኝ ይላል? ግን ደግሞ ዝም ብትል ያው የእሱ ድምፅ ሽማግሌ ሲያስለቅስ ሊኖር ነው። «እቀዳለሁ፤ ግን በራሴ አባባል ነው» አለችው። ወረቀቱ ላይ ያለውን አላነበበችም። «ጤና ይስጥልኝ። ማን ልበል?» አለችና ዝም አለች። «ማሽን ነው እኮ፤ መልስ አይጠብቅም» አላት። «ይጠብቃ! ሰው ስሙን ሳይናገር ዘልሎ ይገባል እንዴ?» ከዚያ ለምርት አንድን፣ ለሽያጭ ሁለትን አለች፤ ለተቀረቀረበት ሰው ደግሞ አይዞህ የሚል ጨመረች። ድምፅዋ ከላፕቶፑ ተመልሶ ሲወጣ ለራሷ እንኳ የሆነች ቆፍጣና ሴትዮ መሰለቻት።

የምሳ ሰዓት ሆነ። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ የሚሆን ነገር አለ። ከረባት ደንበኛ ጋር እቸኩላለሁ ብሎ ሳይበላ ሊወጣ ኮቱን ያነሳል፤ ብየዳ ከታች የእግሩን ኮቴ ይሰማና ለእትዬ ይደውላል፤ እትዬም «የምርት ክፍል የምሳ ሰዓት እንዲከበር በአክብሮት ያሳስባል» ትለውና ከብየዳ መሳቢያ ያወጣችውን ዳቦ በእንቁላል የራሷ አስመስላ ትሰጠዋለች፤ ብየዳ ከእኔ ነው እንዳትዪው ስለሚላት። ዛሬም ከረባት ኮቱን አነሳ። ከታች ያለው የብረት መፍጫ ማሽን ዝም አለ። ብየዳ ሞባይሉን አወጣ። የእሱ ልማድ የላይኛውን ቁልፍ ተጭኖ ሃሎ ሳይባል መናገር ነው፤ በአሮጌው ስልክ የላይኛው ቁልፍ እትዬ ናት። አፑ ላይ ደግሞ ከላይ ያለው፣ ኮት ሲያነሳ ሳያስበው አረንጓዴ የሆነው፣ ከረባት ነው።

እትዬ የሰማችው ከከረባት ክፍል፣ ከሞባይሉ ማጉያ ነው። የታላቅየው ወንድሟ ድምፅ፣ ራቁቱን፣ የእሷን አክብሮት ሳይለብስ።

«እትዬ፣ ለዛ አህያ ንገሪው! ደግሞ ባዶ ሆዱን ሊወጣ ነው! ጨጓራው ነዶ ሌሊቱን ሊጮህ ነው እንደ ሕፃን! ዳቦዬን ከመሳቢያው አውጥተሽ ስጪው፣ እኔ እንደሆንኩ እንዳትነግሪው። እናታችን እያለች እንኳ ያለ ልመና በልቶ አያውቅም። አህያ! ሰማሽኝ?»

እትዬ የመሳቢያዋን ቁልፍ ከአንገቷ ላይ ጨብጣ ብድግ አለች፤ ዛሬ ያለቀልን ቀን ነው አለች በልቧ።

«ሰምቼሃለሁ» አለ ከረባት ወደ ስልኩ።

ከታች አንድ ብረት ወደቀ። ከረባት ከክፍሉ ወጣ። ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቷል፣ ዓይኑ ውኃ ሞልቶታል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። እትዬ መሳቢያው ላይ ተደገፈችበት። «ተው የኔ ወንድም፣ ተው...»

«እትዬ!» አለ። «አህያ አለኝ!»

«አላለህም፣ መስመሩ ነው፣ አዲስ ስለሆነ...»

«አህያ አለኝ እኮ! በገዛ አፉ!» እየሳቀ ነበር። አንገቱን የሚያንቀውን ጨርቅ ፈትቶ ዓይኑን ጠረገበት። «እኔ እኮ በቃ ቆርጦልኛል ብዬ ነበር። ሁልጊዜ 'በአክብሮት'፣ ሁልጊዜ 'ያሳስባሉ'። ሰው ወንድሙን በአክብሮት ያሳስባል? ባዳ ሆኛለሁ ብዬ ስንቱን ቀን በልቤ ቀበርኩት።» ከዚያ ሳቁን ቀስ ብሎ አቆመና ትኩር ብሎ አያት። «እትዬ... ጠዋት የእኔን 'ዝገት' በጆሮዬ እየሰማሁ ስትቀይሪው ልብ አላልኩም፤ ይሄ 'በአክብሮት' የማን ቃል ነበር?»

እትዬ ወደ ብየዳ ክፍል ሄደች፣ መሳቢያውን ከፈተች፣ ዳቦውን አምጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«ብላ» አለችው።

ከረባት ዳቦውን አገላብጦ አየ። እሷም ጠረጴዛዋን እያየች ቆመች። ከዚያ ከረባት አንዴ ገመጠ፣ ወደ ባዶው መቃን ሄደ፣ አፉን እንደሞላ ቁልቁል ጮኸ።

«አንተ ዝገት!»

ከዚያ የከባድ ጫማ ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ። ብየዳ መነጽር ያላደረገ ዓይኑን እያጨናበሰ መቃኑ ደፍ ላይ ደረሰ። አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ፣ አፍንጫ ለአፍንጫ።

«ማን አልከኝ?»

«ዝገት። መነጽርህስ?»

«አንተ አህያ፣ እየበላህ አታውራ!»

«ዳቦህ ጨው የለውም!»

«ስትበላው ስንት ዘመንህ ነው? ዛሬ ነው ጨው ያጣኸው?»

ባለ ላፕቶፑ «ሰው ልጥራ?» አለ በጆሮዋ። እትዬ መዶሻው የቱ ጋ እንደሚነሳ ስትጠብቅ፣ ስድቡ ከጨው ወደ መነጽር፣ ከመነጽር ወደ ሳል፣ ከሳል ወደ ስልኩ ተሻገረ እንጂ እጅ አልተነሳም። እሷ ይህን ሁሉ ዘመን አፍና የያዘችው እሳት ይኸው ነበር? ሁለት ጎልማሳ ሰዎች ስለ ጨው የሚጮሁበት? ተናደደች። በማን እንደተናደደች ግን ልታጣራ አልፈለገችም።

«ያ ሳጥንህ እዚህ ቤት አይገባም!» አለ ከረባት።

«የአባባ ቁጥር ከእጃችን አይወጣም! በየሰው ቤት በር ላይ ተመቷል!» አለ ብየዳ።

«ቁጥሩ ይውጣ ማን አለ?»

«ሳጥኑስ ካልገባ ማን ሞተ?»

«እንግዲያ... ሁለተኛው ነው» አለ ባለ ላፕቶፑ፤ እንዳይመቱት ግድግዳውን ተጠግቶ።

ሁለቱም ዞረው አዩት። ሁለቱም ያልመረጡት ነበር፤ ለዚያ ይሆናል ሁለቱም ያልተቃወሙት። «የስልክ ድርጅቱ ከጀርባ ያገናኝ፤ እኛ የምናየው አፑን ነው» አለ ከረባት። «ቁጥሩ ካልተነካ ሌላው ያንተ ጣጣ ነው» አለው ብየዳ፤ ለእሱ፣ በቀጥታ፣ በእትዬ በኩል ሳይዞር።

ከዚያ ዓይናቸው በሩ ላይ ዐረፈ። ማን እንደጀመረ አይታወቅም፤ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ያዙና ከእትዬ ጀርባ አነሱት፤ አቧራው ክፍሉን ሞላው። መቃኑ ጋ ሲደርሱ ያው የድሮው ጥያቄ ተገትሮ ጠበቃቸው። «ወደ ውስጥ» አለ ከረባት። «ወደ ውጭ» አለ ብየዳ፤ «ወደ ውስጥማ እትዬን ሊያስነሳ ነው። ያኔም ያልኩህ ይሄንኑ ነው፤ እሷ ከተነሳች እኔም እነሳለሁ ብዬሃለሁ!»

እትዬ ይህን ሰምታ አታውቅም። ያን ቀን በጩኸቱ መሃል የሰማችው ስለ ውስጥና ስለ ውጭ ብቻ ነበር። በሩ የተጣለው ለብረት ክብር መስሏት ኖራለች፤ ለካ ለትራሷ ነው። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ጠረጴዛዋን በዳሌዋ ገፋ አደረገችው። ከባድ ነው፤ አልሄደም። እንደገና ገፋች።

«እትዬ ተይ!» አሉ ሁለቱም።

«በራችሁን ያዙ!» አለቻቸው። «ጠረጴዛ ለመግፋት ደግሞ ስብሰባ ልትጠሩ ነው?»

ወለሉን እያስጮኸች መስኮቱ ሥር አደረሰችው። ስንት ዘመን ጀርባዋን የሰጠችው መስኮት ነው፤ አሁን መንገዱን ታያለች። ወንበሯን አመጣች፣ ትራሱን አራገፈች፣ ተቀመጠችና ለባለ ላፕቶፑ እንዲህ አለችው፦ «እኔን ቁጠረኝ። አረንጓዴ ነጥብ አድርግልኝ። ሰው ማናገር የፈለገ ዜሮን ይጫንና እኔ ጋ ይጥራ።»

ባለ ላፕቶፑ ወደ ወንድማማቾቹ አየ።

«ወደ እነሱ ምን ያሳይሃል? ለእኔ አይደል የምትናገረው?»

ቆጠራት። ከረባት «መዶሻ ያለው?» ብሎ ጠየቀ፤ ማጠፊያው ላይ የሚመታ ቁራጭ ብረት ነበር። እትዬ ከአንገቷ ቁልፉን አውልቃ መሳቢያውን ከፈተችና መዶሻውን አቀበለችው። ሦስቱም አወቁት፤ ማንም ስሙን አላነሳም። በሩ ገባ፤ ወደ ውስጥ ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። ብየዳ ከሥሩ ተንበርክኮ ጠርዙን በጣቱ ዳሰሰ፤ ቁጥሩ እዚያ ነው። «ተጣሟል» አለ። «ዓይንህ ነው የተጣመመው» አለው ከረባት። ባለ ላፕቶፑ ዕቃውን ሸክፎ ወጣ፤ በወጣበትም በሩ ተዘጋ።

ቢሮው እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሁለቱ በየክፍላቸው ገቡ። የምድር ቤቱ ጩኸት ከበሩ ወዲያ ቀረ። እትዬ መንገዱን እያየች ሞባይሏን ፊቷ አስቀመጠች፤ ነጥቧ አረንጓዴ ናት። ጥቂት ቆይቶ ጠራ።

«እትዬ» አለ ብየዳ፤ ከችፕውዱ ወዲያም ድምፁ ይሰማል። «ለዛ አህያ ንገሪው፤ በሩን ነገ አውልቄ አቃናዋለሁ፤ እሱ እጁን እንዳያስገባ።»

አፏ ልማዱ ነውና «የምርት ክፍል» ሊል ተከፈተ። ዘጋችው። ቀና ብላ ተቀመጠች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ያቺን የላፕቶፑን ቆፍጣና ሴትዮ ድምፅ አወጣች።

«ለሽያጭ ሁለትን ይጫኑ» አለችውና ዘጋችበት።

ጠበቀች። ከግድግዳው ወዲያ ብየዳ ለራሱ ሲያጉረመርም፣ ከዚያም ቁልፍ ሲጫን ተሰማ። ከረባት ክፍል ስልኩ ጠራ። እስኪያነሳው የበሩ አቧራ አፍንጫው ገብቶ ኖሮ ከረባት ችፕውዱን የሚያናውጥ ማስነጠስ አስነጠሰ።

«ይማርህ» አለ ብየዳ ከወዲያኛው ክፍል፤ «አህያ።»